ብሩሽ የነካው ፊት

ሰኞ፣ ጥር 7፤ ረፋድ

የጠዋቱ፦ ደንበኛ አራት። ፊት ሁለት፣ ጸጉር አንድ፣ አንዷ ለወሬ። ፎጣ ታጥቧል፣ ግማሹ አልደረቀም፤ ፀሐይ ዘግይታ ወጣች። ብሩሾቹ ንጹሕ። ለስላሳው፣ መካከለኛው፣ ደረቁ። ደረቁ ለተረከዝና ለክርን ብቻ። አብረኸት ሦስቱንም በአልኮል አጥባ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራቸዋለች።

ደብተሬ፣ ወሩ ጥር ነው። ከተማው ሁሉ ይዳራል። የሚዳር ሁሉ ደግሞ ፊት አለው።

የፊት ማኪናው ደኅና ይሠራል። ጣልያኗ ሲኞራ ሱቋን ዘግታ አገሯ ስትገባ ከወንበሮቹና ከመስተዋቱ ጋር የገዛሁት ነው። ትንሽ ሞተር፤ ከሞተሩ የሚወጣ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ ገመድ፤ ጫፉ ላይ መያዣ፤ መያዣው ላይ የሚሽከረከር ክብ ብሩሽ። መጀመሪያ ያየችው ሁሉ ትፈራለች። ጥርስ ሐኪም ጋ የገባች ይመስላታል። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ትተኛለች፤ አንዳንዷ ታንኮራፋለች።

ዛሬ የሻለቃው ልጅ መጣች፣ ምሥራቅ። ከእናቷ ከወ/ሮ አስካለ ጋር። ሠርጓ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው፣ ጥር 20። የምታገባው የአስመራ ልጅ ነው፣ ባንክ ቤት ይሠራል። አባቷ አልወደደውም ይባላል። ግን ፈቅዷል።

ወ/ሮ አስካለ ማኪናውን ዞራ አየችው። የሻለቃን ቦት ጫማ የሚጠርጉበት ይህ አይደለም ወይ አለች። ሳቅን። አብረኸትም አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሥራዋን ያዘች፤ ሙቅ ፎጣ፣ የሳሙና አረፋ፣ ለስላሳው ብሩሽ። ከአገጭ ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ ግንባር። አትጫንም። ብሩሹን በራሱ ታስኬደዋለች እንጂ አትነዳውም። የሞተው ቆዳ ሲነሣ የልጅቷ ፊት ብርሌ መሰለ። እናቷ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻትና፣

«ይህችን የወለድኩ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

ሲወጡ ሁልጊዜ የምለውን አልኩ። ሦስት ቀን ፀሐይ የለም፣ ሎሚ የለም፣ እሳት አጠገብ መቆም የለም። ከሥር የወጣው ቆዳ የአራስ ልጅ ቆዳ ነው። እናቷ እሺ እሺ አለች። ልጅቷ መስተዋት እያየች ነበር። መስማቷን እንጃ።


ማክሰኞ፣ ጥር 8፤ ከመምሸቱ በፊት

ደንበኛ ሦስት፣ ሁሉም ጠዋት። አንዷ ከቃኘው ጦር ሰፈር፣ የአሜሪካዊው ሳጅን ሚስት። በወር ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ አማርኛዋ «ቀስ»፣ «ጥሩ» እና «ሻሂ» ነው። ይበቃታል።

ከሰዓት ማንም የለም። አብረኸትን ሳሙናና የወይራ ዘይት እንድትገዛ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ላክኋት። ስትመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ወታደሮች አውቶቡሱን አስቁመው ሁሉንም አውርደው ፈተሹ አለች። ከዚያ በላይ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

አራት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። እጇን የማምነውን ያህል የራሴን አላምንም። አንድ ወንድም አላት። ከተማ ውስጥ የለም። የት እንዳለ አልጽፍም። ደብተሬ፣ አንተም አትጠይቀኝ።


ረቡዕ፣ ጥር 9፤ 10 ሰዓት



እኩለ ቀን ላይ የሻለቃው ሾፌር በሩ ላይ ቆመ። ወ/ሮ አስካለ አሁኑኑ ትፈልግሻለች። አለቀ። ቦርሳዬን ይዤ አብሬው ሄድኩ። ቤታቸው ቃሓውታ ሰፈር ነው። ድንኳን ሊተከል እንጨቱ ግቢ ውስጥ ተከምሯል።

ልጅቷን አየኋት። ሁለቱም ጉንጮቿ አብጠዋል። ቆዳው ቀይ፣ ከዐይኗ ሥር ውኃ የቋጠረ። አንድ ዐይኗ ተዘግቷል። አፍንጫዋ ላይ ተልጧል። ሦስት አክስቶች በሦስት ማእዘን ተቀምጠው ያዩኛል።

ወ/ሮ አስካለ ጮኸችብኝ። አልፈርድባትም። ሰኞ እንዲያ ያማረች ልጅ፣ ማክሰኞ ብቻዋን ለጸጉር ብትመጣላችሁ እንደ ገና በዚያ ማኪና ፋቃችኋት አለች። ሾፌሩ በራችሁ ላይ አድርሷታል አለች።

 

ማክሰኞ አልመጣችም። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ የወታደር ማኪና በሩ ላይ ቆሞ መሄዱን ሰምቻለሁ፤ የገባ ሰው የለም። ልጅቷን አየሁ። በተከፈተው ዐይኗ ለመነችኝ። ሃያ ዓመት ነግጃለሁ፤ ደንበኛ ለምን እንደምትዋሽ ሳላውቅ በሰው ፊት አላርማትም። 

ከዚያ ሻለቃው ገባ። አልጮኸም። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻሂ አዘዘልኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማኪናውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሱቁ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልኩ። ሱቁን አልጠየቅኩም፣ እጁን ነው አለ። ስሟን ያውቀው ነበር። የአባቷንም ስም።

«ወንድሟ የት ነው፣ ወይዘሮ መድኅን?»

«እኔ የቀጠርኩት እሷን ነው፣ ጌታዬ። ወንድሟን አልቀጠርኩም።»

ፈገግ አለ። ሻሂሽን ጠጪ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ጠጣሁ።

«ልጄ ተከናንባ አትዳርም» አለ። «እስከ እሑድ ሳምንት ፊቷ ከዳነ፣ ብሩሽ ነበር እንላለን። ካልዳነ ግን ብሩሽ አልነበረም።»

ተረድቼዋለሁ። የሻለቃ ልጅን ፊት ሆን ብላ ያበላሸች የእንትና እኅት። በዚህ ዘመን ይህን አንድ ሰው ከጻፈው ማንም አይሰርዘውም።


ሐሙስ፣ ጥር 10፤ ከተራ

መጠርጠር አለብኝ። ከጥርጣሬ የማስቀረው ሰው ካለ ነጋዴ አይደለሁም።

ትናንት ማታ አብረኸትን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። የትኛው ብሩሽ? ለስላሳው። ሳሙናው? የሁልጊዜው። ተጭነሻል?  ወንበሩን ዘርግታ፣ «ይተኙ፣ እትየ» አለችኝ።

ተኛሁ። ግራ ጉንጬን በለስላሳው፣ ቀኙን በደረቁ፣ ለተረከዝ በሚሆነው። የቀኙ አንገበገበኝ። አላስቆምኳትም። ዛሬ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆምኩ። ግራው ሐር ነው። ቀኙ ድመት የቧጨረው ይመስላል፤ ቀይ ነው፣ ግን አላበጠም፣ ውኃም አልቋጠረም። ስለዚህ ብሩሾቹ ተቀያይረውባት ቢሆን እንኳ ያ ፊት ከዚህ አይመጣም።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ቁርስ ሠራሁላት።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው የሱቁን የፊት በር አሸጉ። ማኪናው ከውስጥ ቀረ። ቤቴ ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ በጓሮ እገባለሁ እወጣለሁ። ወደ ጓሮው አላዩም።

ከዚያ ቅባት ይዤ ቃሓውታ። አንዷ አክስት ለጋ ቅቤ ቀብታታለች። በቀዘቀዘ የፈላ ውኃ አጠብኩት። አክስትየዋ አኮረፈች። ወ/ሮ አስካለ ሌላ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ፣ አክስቶቹም ታቦት ሲወርድ ለማየት ወደ በሩ ሲሄዱ የልጅቷን አንገትጌ ፈታሁ።

አንገቷ፣ ደረቷ፣ ትከሻዋ ቢጫ ነው። የወርቅ ቢጫ። ጠረኑ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ወይራ።

ወ/ሮ አስካለ ይህንን ጠረን ከማኪናው የቀረ የተቃጠለ ጎማ ነው ብላ ስታወራ ነበር። የደብረ ማርቆስ ሰው ናት፤ እዚያ በወይራ የሚታጠነው የጠላ ጋን ነው። አስመራ ያደገች ሴት ግን ዐይኗን ተሸፍና ታውቀዋለች። ለሙሽራ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ወይራ ይነድዳል፣ ከላይ ትቀመጣለች፣ በብርድ ልብስ ትጠቀለላለች። ቆዳዋ እስኪለሰልስ፣ ቀለሟ እስኪወጣ።

ቀስ ብዬ፣ በማን ቤት አልኳት።

አለቀሰች። ጨው ነው፣ ያቃጥልሻል፣ አታልቅሺ አልኳት። ተወችና ነገረችኝ። በአማቷ ቤት፣ በአደይ ለተብርሃን። አደይ ለተብርሃን፣ ጢስ ያልነካት ሙሽራ ልጄ ቤት አትገባም ብላ በሙሽራው በኩል ላከችባት። ምሥራቅም ወደደችው። የሰው አገር ሰው እንዳትባል ፈለገች። ማክሰኞ ጸጉር ልሠራ ነው ብላ ወጣች። ሾፌሩ በሬ ላይ ጣላት፤ እሱ ሲሄድ እሷ በቅያሱ ዞራ ሄደች።

ጢስ ፊት አያቃጥልም፣ ጭንቅላት ውጭ ነው አልኳት። አፈረች። የሚያጥኗት ሴቶች ሻሂ ሊያፈሉ ወጥተው ነበር። ገላዋ ወርቅ ሆኖ ፊቷ ሌላ ቀለም ሆኖ ቢቀርስ ብላ ፈራች። ብርድ ልብሱን ከጭንቅላቷ በላይ ሳበችና ከጢሱ ጋር ተዘጋች። እስኪመጡ ድረስ። ሰኞ ብሩሽ የገፈፈውን ፊት።

ይህን ስሕተት የእኛ ልጅ አትሠራውም። የእነሱ ልጅ ደግሞ ጢስ ውስጥ አትገባም። እሷ ብቻ፣ በሁለቱ መካከል ያለችው።

አባትሽ ያውቃል ወይ አልኳት።

«እትዬ መድኅን፣ ከሠርጉ በፊት አማቴ ደጅ መርገጤን አባባ ከሰማ ሠርግ የለም። እሱ አንድ ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

እናቷ ውኃውን ይዛ ገባች። አንገትጌዋን ዘጋሁ።


ዓርብ፣ ጥር 11፤ ጥምቀት

ከተማው ሁሉ ታቦት ተከትሏል። እኔ ፊት አጥባለሁ። ጠዋትና ማታ። ወ/ሮ አስካለ ትንሽ ለዘብ ብላለች። አክስቶቹ ቅቤያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሎሚ የሚል አሳብም አላቸው። ሎሚ ያመጣች እጇን እቆርጣለሁ አልኩ። ወ/ሮ አስካለ ሳቀች። የመጀመሪያ ሳቋ።

የሳጅኑ ሚስት ቤቴ ድረስ መጣች። በሩ ታሽጎ አይታ ደንግጣ። ቃጠሎ መሆኑን በእጄ አሳየኋት። ከሰዓት ከቃኘው አንድ ቱቦ ቅባት ይዛልኝ መጣች። «ቀስ» አለችኝ። ይህ ቃል ለዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማሰብ ይገባኛል። እውነቱን ብናገር አብረኸት ዛሬውኑ ነጻ ናት። ምሥራቅ ግን አለቀላት። አደይ ለተብርሃንም፤ ሻለቃው ልጁን ቤቷ አስገብታ ያቃጠለችን ሴት እንደ አማት አያያትም። እውነቱ አንዷን አውጥቶ ሁለት ያስገባል። ለጊዜው ይቀመጥ። ፊቱ ይዳን። ፊቱ ከዳነ ማንም ምንም አይጠይቅም።


ቅዳሜ፣ ጥር 12፤ 9 ሰዓት

አብረኸት ልትሄድ ነው። ማለቴ፣ ልትሄድ ነበር። ትናንት ሰዎች እዳጋ ሓሙስ እናቷ ቤት መጡ። ልጅሽ መቼ ነው የጻፈልሽ ብለው ጠየቁ። እናቷ ልጄ መጻፍ አይችልም አለች። ሰባተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ።

ጥቅል ይዛ ጓሮዬ ገባች። ከረን አክስት አለችኝ ትላለች። ከረን እንደማትቆም እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

«ከሄድሽ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ፈርመሽ ሄድሽ ማለት ነው» አልኳት። «እናትሽን ለማን ትተሻት?»

«ብቀመጥስ፣ እትየ?»

ብትቀመጪ እኔ አለሁ አልኳት። በምን እንዳለሁ አላውቅም። ጥቅሏን ተቀብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ማክሰኞ የት እንደነበረች ምሥራቅ የነገረችኝን ግን አልነገርኳትም። ያላወቀችውን አታወጣም ብዬ ነው። ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።


ሰኞ፣ ጥር 14

እብጠቱ ወርዷል። ሁለቱም ዐይኖቿ ተከፍተዋል። አሮጌው ቆዳ እየተላጠ ነው፤ ከሥር ያለው ደኅና። ጉንጮቿ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ይኖራል፤ ለእሑድ ፓውደር ይሸፍነዋል። ምሥራቅ መስተዋት ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም። ነገ አልኳት።

ሻለቃው ሲወጣ በበሩ አልፎ አያት። ቆም ብሎ፣ አገጯን ቀና አድርጎ።  ለኔ ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ስገባ አብረኸት ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ይድናል አልኳት። በላን። ረጅም ጊዜ እንዲህ አልበላሁም።


ማክሰኞ፣ ጥር 15፤ 11 ሰዓት

ወሰዷት።

ጠዋት፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ። ሦስት ሰዎች። ጎረቤቴ አይታ ነገረችኝ። እንስራው መንገዱ ዳር ቆሟል፣ አልተሰበረም። አስቀምጣ ነው የሄደችው።

ጣቢያው ሄድኩ። እንጀራ በሳሕን፣ ነጠላ። ዘበኛው ሳሕኑን ተቀበለ፣ ነጠላውን መለሰ። መግባት የለም። ነጠላውን እንደገና ሰጠሁት። ብርድ ነው፣ እኅት የለህም ወይ አልኩት። «እወ» አለ ሳያስበው በትግርኛ፤ ያገሬ ልጅ ነው። ተቀበለኝ።

ከዚያ ቀጥታ ሻለቃው ቤት። ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተከሉ ነው። ቆሞ ገመዱን ያስጠብቃል። ልጅዎ ዳነች እኮ፣ ብሩሽ ነበር እንላለን ብለዋል አልኩት። አዎ፣ ድናለች፣ ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ አለ። ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው አለ። አብረኸት ማክሰኞ ምሥራቅ ሱቅ አልመጣችም ብላለች። ደጋግመው ጠየቋት፤ አልመጣችም አለች። ሾፌሩ በሩ ላይ አድርሷታል። ምሥራቅ ግን ሱቅ ነበርኩ ብላለች።

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ስለ አንድ ማክሰኞ አይዋሽም፣ ወይዘሮ መድኅን።»

እስከ በሩ ሸኘኝ።

ስለዚህ ነገሩ ከፊቷ አልፏል። ፊቱ ዳነ፣ እሷ ግን ታሰረች፤ የታሰረችውም እውነቱን በመናገሯ ነው። ብነግራት ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። አልነገርኳትም። ይኸው።

ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከቦርሳዬ አትወጣም።


ረቡዕ፣ ጥር 16፤ ከሰዓት

አደይ ለተብርሃን ቤት። ደንበኛዬ አይደለችም፤ ብሩሽ ለጫማ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ሠርግ ቤት ነው፤ ሴቶች በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ለብቻ ፈልጌሽ ነበር አልኳት። ጓዳ ገባን።

መጀመሪያ ካደች። የምን ጢስ፣ የማን ሙሽራ። የልጅቷን ፊት እንዴት እንዳየሁት ነገርኳት። ከአፏ የወጣው፣

«ጭንቅላቷን? ጓለይ፣ ልጄ፣ ማን ነው ጭንቅላቱን የሚያስገባ?» ነበር።

ከዚያ ተቀመጠች። እኛ እኮ ውጭ ነበርን አለች። ስንመለስ ጭንቅላቷ ውጭ ነበር፣ ላብ መስሎን ነው አለች። ለአምስት ልጆቿ ሚስቶች ጉድጓድ አስቆፍራለች፤ አንዷም እንዲህ አላደረገችም። አይነገርም እንዴ፣ ጭንቅላትሽን አታስገቢ ተብሎ? አልኳት። ውኃ ውስጥ አትተንፍሺ ተብሎ ይነገራል? አለች። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እንደገና አለቀሰች። በመጨረሻ ነጠላዋን አነሣች፤ አሁኑኑ ሄጄ ለእናቷ እነግራታለሁ አለች።

ተቀመጪ አልኳት። ሻለቃው የት ነው የተጨሰችው ብሎ ይጠይቃል። በኔ ቤት ትያለሽ። እሑድ የምታበስይው በርበሬ ለለቅሶ ይሆናል።

 ያቺ የታሰረችው የማን ልጅ ናት አለች። ነገርኳት። እናቷን በሩቅ ታውቃታለች፤ ወንድሟንም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እንግዲያው ምን ትፈልጊያለሽ አለች።

ከአንቺ አንድ ነገር አልኳት። ዝምታ። ምሥራቅ ማክሰኞ እዚህ አልመጣችም። በርበሬ ለሚቀነጥሱትም ንገሪያቸው።

እነሱ የኔ ሰዎች ናቸው አለች። ከዚያ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ፤ የቐንየለይ፣ የቐንየለይ። ገና ምንም አልሠራሁም አልኳት።


ሐሙስ፣ ጥር 17፤ 12 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትገባ

ጠዋት የምሥራቅን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ አጠብኩ። መስተዋቱን ሰጠኋት። ረጅም አየች። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ የምትለውን አስጠናኋት። ማክሰኞ የት ነበርሽ? ሱቅ። ሱቅ የት? ከጀርባ፣ ጓሮ። ከማን ጋር? ከርስዎ ጋር። አብረኸትስ? አልነበረችም፣ አላየችኝም። ምን ሠራሁሽ?

እዚህ ላይ ቆመች። አሳቤ አሁን ገባት።

«እርስዎን ቢያስሩዎትስ?»

«እኔ የሚጠየቅ ወንድም የለኝም» አልኳት።

ለሻለቃው የምነግረው ሂሳብ እንዲህ ነው። አብረኸት ማክሰኞ ከሰዓት እዳጋ ሓሙስ ነበረች፤ አውቶቡሱን ያስቆሙት ወታደሮች መታወቂያዋን አይተዋል፤ ቢጠየቁ ያስታውሳሉ ወይም አያስታውሱም። ሳሙናውን የሸጠላት ሰውዬ ግን ያስታውሳል፤ በዋጋ ተጣልተዋል። ስለዚህ ምሥራቅ አልመጣችም ስትል አልዋሸችም፤ እሷ ሳትኖር ነው የተመጣው። ሾፌሩም አልዋሸም። ልጅቷም አልዋሸችም፣ ሱቅ ነበርኩ ብላለች። የዋሸሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ የዋሸሁትም ፈርቼ ነው። ሰኞ በብሩሽ የፈተግነውን ቆዳ ማክሰኞ በወይራ ጢስ ያጨስኩ፣ ያገሬን ልማድ ከሲኞራዋ ማኪና ጋር የቀላቀልኩ ሞኝ ሴት። ሻለቃው ይህን ያምናል። ስለ እኛ ቀድሞ የሚያስበውን ነው የምነግረው።

የሚጠፋው፦ ማኪናው በእርግጥ። ፈቃዱ ምናልባት። የዘንድሮ ጥር ጠፍቷል። እኔን ያስሩኝ ይሆናል፤ ለሞኝነት የሚያስሩት ግን ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ የልጁ ሠርግ ላይ ይህ እንዲወራ እሱም አይፈልግም። የሚተርፈው፦ አንዲት እጅ፣ አንዲት ሠርግ። ከዚህ የከፋ ንግድ ነግጄ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ይጎድላል። ሻለቃው ቃል ሰምቶ የሚተው ሰው አይደለም። ጓሮውን አሳዩኝ ብሎ ሰው ይልካል። ጓሮዬ ውስጥ ደግሞ ጉድጓድ የለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚህ ግቢ ጢስ አልተሞቀም። ከውኃ ገንዳው አጠገብ ሲሚንቶ ያልነካው ቁራጭ መሬት አለ። ለካሁት። ይበቃል።

አደይ ለተብርሃን በልጅ በኩል ላከችብኝ፤ እንጨት ከኔ ውሰጂ፣ የቀረ አለ ብላ። አልፈልግም አልኩ። ከሷ ቤት ወደኔ ቤት እንጨት ሲሄድ ማንም ማየት የለበትም።

ነገ፣ ዓርብ። ሰዓት እላፊው እንደተነሣ እዳጋ ሓሙስ፤ ወይራ ፍልጥ አንድ ሸክም፣ ዶማ አንድ። ዶማ ከጎረቤት አለመዋስ። ጉድጓዱን እስከ ጉልበት መቆፈር። አፉ ላይ ከተሰበረ ማሰሮ ገል ማድረግ። ሁለት ጊዜ ማንደድ፣ ግድግዳው እስኪጠቁር። አመዱ የአሥር ቀን እንዲመስል ውኃ ማርከፍከፍ፣ መርገጥ። አሮጌውን ብርድ ልብስ ማጠን። እጅ መታጠብ። ከዚያ ቃሓውታ፣ ሻለቃው ከሥራ ሲገባ።